ስሟን ያላስመዘገበችው ተከራይ

ውሃ በወረቀት ይቀዳል ብሎ የነገራት ሰው ቢኖር ዋጋነሽ ድሮ ትስቅበት ነበር። ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን የሚሳቅበት ነገር እያነሰ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ኮልፌ ገበያው ዳር አንድ ቧንቧ ተተከለ። ዙሪያው በሲሚንቶ ተለሰነ፣ አጠገቡ ትንሽ ጎጆ ተሠራ፣ ጎጆዋ ውስጥ ዘበኛ ተቀመጠ። መቅዳት የፈለገ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱን ጣሊያኖቹ ቦኖ ይሉታል፤ ሰዉ ደግሞ ቧንቧውንም አብሮ ቦኖ አለው። በወረቀቱ ላይ የቤቱ ባለቤት ስም ይጻፋል፤ አገሩ የት እንደሆነ፣ ባል ያላት ከሆነች ባሏ የት እንዳለ፣ ሁሉም ይጻፋል። በአንድ ወረቀት በቀን አራት እንስራ ነው። አምስተኛ የለም።

ዋጋነሽ ባሏን የኅዳር በሽታ ከወሰደባት ጀምሮ የሰው እጅ አይታ አታውቅም። በእንዶድ ልብስ እያጠበች ነው የኖረችው። የኮልፌ ሰው የክት ልብሱን ለሌላ አይሰጥም ነበር። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ደግሞ የሚመጣላት ሁሉ የለቅሶ ልብስ ሆነ። ደረቱ ላይ የተቀደደ ቀሚስ፣ አመድ የተነሰነሰበት ነጠላ፣ አንዳንዴም ባለቤቱ የማይመለስ ኩታ። ምንም አትጠይቅም። ትዘፈዝፋለች፣ ታሻለች፣ ታሰጣለች። ውሃ ከሌላት ግን ምን ሥራ አላት? ስለዚህ ቦኖው በተከፈተ ዕለት ከሁሉ ቀድማ ሄዳ በራሷ ስም ወረቀት አወጣች። መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ግቢዋ ውስጥ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች አሉ። በአንደኛው እንጨት ተሸካሚው ጉታና ሚስቱ ጉዲቱ ይኖራሉ። እነሱም ጊዜ ሳይፈጁ ወረቀታቸውን አወጡ። በሁለተኛው ተናኘ የምትባል ልጅ እግር ሴት አለች። የቡልጋ ልጅ ናት። በሰኔ ዝናብ ውስጥ አራስነቷ ገና ሳይለቃት፣ ወንድይፍራው የሚባል ሕፃን አዝላ መጣች። ባሌ ጅማ ለንግድ ሄዷል ነው ያለችው። ዋጋነሽ አላጣራችም። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ከሰው አትገጥምም። ይበቃል አለች። ውሃውንም በእሷ ወረቀት አብረው ቀዱ፤ ተናኘ የራሷን እስክታወጣ ተብሎ።

ተናኘ ግን የምታወጣ አልሆነችም።

በጥቅምት በአንድ ሰኞ ዋጋነሽ ከቧንቧው ሥር እንስራዋን ልታነሳ ስትል ዘበኛው ቀጄላ ከጎጆው ወጣ።

«እትዬ ዋጋነሽ፣ ስንተኛው ነው ይሄ?»

«መቁጠሩ የማን ሥራ ነው? ለዚህ አይደል እንዴ ቆብ ያጠለቁልህ?»

ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ቀጄላም ሳቀ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም።

«ቆቡንስ በእርስዎ የተነሳ ሊያወልቁብኝ ነው። ስምንተኛው ነው። እስከዛሬ አላየሁም ብዬ አልፌአለሁ። አራቱ የማን ነው?»

«የተከራዬ ነዋ።»

«ተከራይዎ ስም የላትም?»

«ክርስቲያን ናት፣ እንዴት ስም አይኖራት?»

«እንግዲያው ታስመዝግበው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔ ነገር አይደለም እትዬ። ቅዳሜ አለቃው ራሱ ይመጣል። በሰው ወረቀት የሚቀዳ ከተገኘ የባለወረቀቷም ይቀደዳል ብሏል። ሁለታችሁም ወንዝ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ እኔን አይውቀሱኝ።»

ዋጋነሽ እንስራዋን ተሸክማ ስትሄድ ሐሳቧ ሁሉ ቅዳሜ ላይ ነበር። ወረቀቷ ከተቀደደ ልብስ የት ታጥባለች? የወንዙ ውሃ ድፍርስ ነው፤ ነጭ ልብስ ገብቶበት ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ለቀስተኛ ያንን አይቶ ሁለተኛ አይመጣላትም።

ግቢ ደርሳ እንስራውን ከማሳረፏ በፊት ተጣራች። «ተናኘ! ነይ እስቲ።»

ተናኘ ልጇን እንደታቀፈች ወጣች።

«እስከ ቅዳሜ ስምሽን አስመዝግቢ። ዛሬውኑ ብትሄጂ ይሻላል።»

«ዛሬ ልጁ አተኩሶታል፣ እትዬ።»

በማግሥቱ እግሬን ወለም ብሎኛል አለች። ረቡዕ ደግሞ ዛሬማ ሥላሴ ነው አለች።

«ሥላሴ ወረቀት አታውጡ ብለዋል?» አለች ዋጋነሽ። «ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ስም ማስመዝገብ ጥርስ መነቀል መሰለሽ? ስምሽን ትነግሪያቸዋለሽ፣ ጣትሽን ቀለም ይቀቡሻል፣ ትወጫለሽ። እኔ ማይሙ አድርጌዋለሁ።»

«በእርስዎ ስም ይሁንልኝ፣ እትዬ። በቀን አንዲት ማሰሮ ትበቃኛለች። ልብሱን አብሬዎ አጥባለሁ፣ እንዶዱን እወቅጣለሁ።»

«የእኔ ስም ለእኔ ብቻ ነው የሚበቃው።»

«እትዬ...»

«እምቢ ካልሽ ከእንግዲህ ከእኔ ማድጋ አንዲት ጣሳ አትነኪም። ወንዙ ለሁሉም ነው፤ እሱ ስም አይጠይቅም።»

ዋጋነሽ አንዴ ከአፏ የወጣን ነገር የምትመልስ ሴት አልነበረችም። ማድጋውን ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ቆለፈች። ተናኘም ልጇን አዝላ፣ ከጉዲቱ የተዋሰችውን ገንቦ ይዛ፣ ቁልቁለቱን ወረደች። አመሻሹ ላይ ጉዲቱ ከገበያ ስትመለስ በቀጥታ ዋጋነሽ ዘንድ ገባች።

«ያ ዋቀዮ! ዋጋነሽ፣ ምን ሆነሻል? ልጅቷ ሕፃን አዝላ ከከብት ጋር እየተጋፋች ስትቀዳ አየኋት። በላይ በኩል በሬ ይረግጠዋል፣ በታች እሷ ትቀዳለች።»

«እኔ ምን ሆንኩ? እሷን ጠይቂያት ምን እንደሆነች።»

«ከእኔ ድርሻ ልስጣት ብላት እምቢ አለች። የእናንተንም ወረቀት አላስቀድድም አለችኝ።»

«አየሽ! ኩራት ነው።»

ጉዲቱ አንገቷን ነቅንቃ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ዋጋነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ባሻ ሀብተማርያም ቤት ሄደች። ባሻ ሀብተማርያም ከጣሊያን በፊትም የሰፈሩ ጭቃ ሹም ነበሩ፤ አሁንም ናቸው። ጭቃ ሹም ዘንድ መክሰስ ለዋጋነሽ አዲስ ነገር አልነበረም። በዕድሜዋ ሦስት ጊዜ ከስሳለች። አንዴ በአጥር፣ አንዴ በዶሮ፣ አንዴ ደግሞ ሰዳቢ በነበረች ተከራይ። ሦስቱም ያለቀው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ባሻ ሁለቱን ያስጠራሉ፣ ሁለት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው ይቆጣል፣ ከዚያ ይሳሳማሉ፤ ከሳሽ «ትቼዋለሁ» ትላለች፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። መክሰስ ማለት ለእሷ ይሄው ነው፤ ጮክ ብሎ መቆጣት፣ ግን በሹም ፊት።

ባሻ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ፊታቸው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደብተር አለ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«ባሻ፣ እንደምን አደሩ። ተከራዬ ስሟን ለውሃው አላስመዘግብ ብላ አስቸገረችኝ። ይጥሩልኝና ይቆጡልኝ።»

ባሻ ዓይናቸውን ወደ አስካሪው፣ መልሰው ወደ እሷ አዞሩ። «ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ ዋጋነሽ። ሂጂና ራስሽ አግባቢያት።»

«ሦስት ቀን አግባብቻለሁ። የእኔን ወረቀት ልታስቀድድብኝ ነው።»

«እኔ ነገ ብቅ ብዬ በቃል አነጋግራታለሁ።»

«በቃል ነግሬያት መች ሰማች? ይጻፉልኝ!»

«ልጻፈው?» አሉ ባሻ። ዓይናቸው ዓይኗ ላይ ቀረ። ብዙ ቆየ። ዋጋነሽ ግን ባሻ ዛሬ ስንፍና ይዟቸዋል ነው ያለችው።

«ምን እያልኩ ነው እኔ? ይጻፉት እንጂ!»

አስካሪው ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ባሻ ብዕራቸውን አነሱ። አስካሪው አገሯን አስጠየቀ፣ ቡልጋ ተብሎ ተጻፈ፤ ስሟን ግን ባሻ ሳይጠይቁ አለፉት።

የዚያን ዕለት ወደ ማታ ሕፃኑን ሆዱን ቆረጠው። ለቅሶው በግድግዳው ዘልቆ ይመጣል። ዋጋነሽ መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ቀጥሎ ለቅሶው እየቀጠነ ሲሄድ ተነሳች። ከማድጋዋ ቀድታ ውሃ አፈላች፣ ጤና አዳም ጣል አደረገችበትና ወደ ተናኘ ክፍል ገባች። ልጁ ጎኑ ገብቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«ከወንዙ ነው?»

«ከወንዙ ነው።»

ዋጋነሽ ልጁን ከእጇ ወስዳ ውሃውን በጣቷ ጫፍ ጠብ ጠብ አደረገችለት። ልጁ ጣቷን ጠባ። ተናኘ ያን ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

«ባሌ ጅማ አይደለም፣ እትዬ።»

«የት ነው?»

«ጫካ ነው። መኳንንት ይባላል። ከወጣ በኋላ ቤታችንን አቃጠሉት። የአርበኛ ሚስት እያሉ ሴቱን ሲለቅሙ እኔ በሌሊት አመለጥኩ።»

«ታዲያ የሌላ ሰው ስም አትሰጪያቸውም? ምን ይከብዳል? ዘመድ ሞልቶሻል፣ የአንዷን ጥሪ።»

«እዚያ ቢሮ ስም የሚጽፈው አስተርጓሚ ያገሬ ልጅ ነው። ከመኳንንት ጋር አንድ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ነው። ሰርጌ ላይ ሚዜ ነበር። ሄጄ ከሩቅ አይቼው ተመለስኩ። ስሜን ብዋሽ መልኬን ምን ላድርገው?»

ዋጋነሽ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ ተቆጣች።

«ይሄን ለመናገር አራት ቀን ፈጀብሽ? አፍ አልፈጠረብሽም?»

«ማንን ልመን፣ እትዬ? እርስዎ እንኳ ውሃ ከለከሉኝ።»

ዋጋነሽ ከስሳት እንደመጣች መናገር የነበረባት በዚያች ሰዓት ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጅቷ እያየቻት፣ የልጅቷን ልጅ ታቅፋ፣ ከሳሽሽ እኔ ነኝ ማለት አቃታት። ጠዋት ማልጄ ሄጄ ትቼዋለሁ እላለሁ፣ ሳትሰማው ያልቃል አለች በሆዷ። ሦስት ጊዜ አልቆላት የለ?

«በይ ተኚ» ብቻ አለቻት።

ዓርብ ማለዳ ልጁ ሕመሙ በረደለት። ዋጋነሽ የውሃ ወረቀቷን ከመቀነቷ ፈትታ ለተናኘ ዘረጋችላት።

«እንኪ። ቅዳሜ ሳይመጣ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሙዪ። ቀጄላን እትዬ ናት የላከችኝ በዪው፤ ቢያጉረመርም አትስሚው። ከዚያ በኋላ ወንዝ የምወርደው እኔ ነኝ፣ አንቺ ከግቢ አትወጪም።»

«ልብሱስ?»

«ልብሱን እኔ አውቃለሁ። ልጁን ተዪው፣ ፀሐይ ላሙቀው።»

ተናኘ ወረቀቱን ተቀብላ የዋጋነሽን ትከሻ ሳመች። እርቃቸው ይኸው ነበር። እንስራዋን አዝላ ስትወጣ ከሰኔ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ስትራመድ ዋጋነሽ አየቻት።

እሷም ልጁን አዝላ ወደ ባሻ ገሰገሰች። አስካሪው ከበሩ ላይ የለም። ደስ አላት።

«ባሻ፣ ታርቀናል! ክሱን ትቼዋለሁ። ምስክር ካስፈለገ ጉዲቱን አመጣለሁ።»

ባሻ ሀብተማርያም ከወንበራቸው አልተነሱም። «ትናንት ዓይኔን አላየሽም?»

«የምን ዓይን?»

«ወረቀቱ ማታውኑ ሄዷል። ያ አስካሪ ነው ከደብተሩ ቀድዶ የወሰደው።»

«ይመልሱታ! ከሳሿ እኔ ነኝ። እኔ ተውኩ ካልኩ ተተወ ነው።»

«ያ እኛ ዘንድ ነው፣ ዋጋነሽ። እነሱ ዘንድ ከሳሽ ቢተው ነገሩ አይተውም። ስሟን የምትደብቅ የቡልጋ ሴት ብለው ነው የያዙት። ቤት ድረስ አይመጡም። ውሃ ሳትቀዳ አትውልም፣ ቦኖው ላይ እንጠብቃታለን ነው ያሉት።»

ዋጋነሽ የሮጠችው ሩጫ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሮጠችውም። ልጁ ጀርባዋ ላይ እየተንገጫገጨ በሳቅ ይንፈቀፈቃል፤ ጨዋታ መስሎታል።

ቦኖው ጋ ሴቶቹ እንደተሰለፉ ቆመዋል። የተናኘ እንስራ ከቧንቧው ሥር ሞልታ ትፈስሳለች። የሚዘጋው ሰው ጠፍቷል። ቀጄላ ቆቡን በእጁ ይዞ ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

«የት ናት?»

«በመኪና ወሰዷት። ወደ ከተማ።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ስምሽ ማን ነው አሏት፣ ዝም። በጥፊ መቷት፣ ዝም። ወረቀቱን አዩና ዋጋነሽ ነሽ ወይ አሏት። አንዱ ግን፣ ዋጋነሽማ ከሳሿ ናት አለ።» ወረቀቱን ዘረጋላት። «የእርስዎን መለሱልኝ። ራሷ ያመለከተች ሴት ናት፣ ምንም አይነካት አሉ።»

ዋጋነሽ ወረቀቱን አልተቀበለችም። ከሰልፉ ውስጥ ጉዲቱ ወጣች።

«አንቺ ነሽ የከሰስሻት?»

«ጉዲቱ፣ እኔኮ...»

«አንቺ ነሽ ወይ?»

«እኔ ነኝ።»

ጉዲቱ ሄዳ ቧንቧውን ዘጋች። የተናኘን እንስራ በራሷ ጀርባ ላይ አድርጋ፣ የራሷን ባዶውን እዚያው ትታ፣ ወደ ቤት ሄደች። ሌሎቹ ሴቶች ለዋጋነሽ መንገድ ለቀቁላት። ድሮ ቢሆን ሳትሰለፍ ልታልፍ ብትሞክር ስድብ ነበር የሚያዘንቡባት።

ከዚያ ወዲያ ጉዲቱ አላናገረቻትም። ግን ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ላይ አንድ ጣሳ የላም ወተት ታስቀምጣለች፤ ለልጁ ነው፣ መናገር አያስፈልገውም። ዋጋነሽ ወተቱን በቦኖ ሳይሆን ከኮረብታው ጀርባ ካለ ምንጭ እየቀዳች ባፈላችው ውሃ ታቀጥነዋለች። ምንጩ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ልብስ ማጠቡ እየቀረ ሄደ። ልጁ ሦስት ቀን ጡት ፈልጎ አለቀሰ፤ በአራተኛው ተወው። የተወ ዕለት ዋጋነሽ ከለቅሶው ይልቅ በዝምታው አነባች።

እሑድ እሑድ ስንቅ ቋጥራ ከተማ ወዳለው እስር ቤት ትሄዳለች። በሩ ላይ የብዙ ሰው ዘመድ ይሰለፋል። ተራዋ ሲደርስ ጠባቂው ይጠይቃታል።

«ለማን ነው?»

«ለአንዲት ሴት። በጥቅምት ነው ከኮልፌ የመጣችው።»

«ስም!»

ዋጋነሽ ስሙን ታውቀዋለች፤ አፏ ውስጥ ነው ያለው። ግን ተናኘ ውስጥ ምን ብላ እንደሆነ አታውቅም። ምናልባት እስካሁን ዝም ብላለች። ምናልባት የአክስቷን ስም ሰጥታለች። ምናልባት ያ አስተርጓሚ እስካሁን አላያት ይሆናል። እሷ «ተናኘ» ብትል ሁለተኛ ጊዜ ከሰሰቻት ማለት ነው። ሌላ ስም ብትል ስንቁ ሌላ ሰው ዘንድ ይሄዳል፣ ወይም የለችም ይባላል።

«ስሟን አላውቀውም» ትላለች።

«ሳታውቂያት ምን ልትበያት መጣሽ? ሂጂ ከዚህ!»

ሦስት እሑድ ስንቁን ይዛ ተመለሰች። በአራተኛው በሩ ላይ አልተሰለፈችም። ዞራ በኋላ በኩል፣ የሴቶቹ ነው ከተባለው ግንብ ፊት ለፊት ሄደች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አደረገችው። ግራ ቀኝ አየች፤ አንድ ዘበኛ ብቻ ነው፣ እሱም ራቅ ብሏል። ከዚያ በሕይወቷ ሙሉ ለጥል ብቻ ታወጣው በነበረው ድምፅ ጮኸች።

«ልጅሽ ድኗል! ሆዱ ድኗል! ጥርስ አውጥቷል፣ ሁለት ጥርስ!»

ዘበኛው ዞር አለ።

ከዚያ ከውስጥ አንዲት ሴት «እሰይ!» አለች። ወዲያው ሌላዋ «እሰይ፣ ልጄን!» አለች። ሦስተኛዋ ተከተለች። ከዚያ ልጅ ትታ የመጣች ሴት ሁሉ ተነሳች፤ አንዷ እልል አለች፣ አንዷ አለቀሰች፣ አንዷ ሌላውስ፣ ታላቁስ ብላ ጠየቀች። ዋጋነሽ ጆሮዋን አቁማ የተናኘን ድምፅ ከመሃል ለመልቀም ሞከረች። አልቻለችም።

ዘበኛው እየተሳደበ ድንጋይ አነሳ። ዋጋነሽ ልጁን በነጠላዋ ሸፍና ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገረች። እዚያም ደርሳ ዞረችና እንደገና ጮኸች።

«ሁለት ጥርስ!»